ከእኛ ያልተገዛች መኪና

አዋሽ ላይ ወርዳችሁ «የጋሽ ታፈሰ ቤት የት ነው?» ብትሉ፣ ፍየል የሚነዳውም ተሳቢ የሚነዳውም እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል። ይህን የምለው ለመመጻደቅ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። አባቴ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። እኔ በትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ጣቢያው የጣላቸውን የፈረንሳይኛ የጥገና መጻሕፍት ከቆሻሻ ላይ ሰብስቤ፣ ሥዕሉን ከብረቱ፣ ብረቱን ከቃሉ እያመሳከርኩ ቋንቋውንም ሞተሩንም አብሬ ተማርኩ። ዲፕሎማ የያዙ ስንቶቹ መጥተው ሄዱ፤ እኔ አለሁ።

ጆሮዬንማ ተዉት። ግድግዳ ጋርዶኝ ሻይ እየጠጣሁ፣ በመንገድ የሚያልፍ መኪና ሰምቼ «ይሄ ሰውዬ ሚሌ ሳይደርስ ይቆማል» እላለሁ። ሰው ይስቃል። በማግስቱ መኪናው ተጎትቶ ሲመጣ ሳቁ ያበቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመኪና አስመጪ ድርጅት ሰመራ ላይ የጥገና ማዕከል ከፈተ። ስሙን አልጠራም። የሚያስመጣው የጉዞ መኪኖችን ነው፤ ሆዳቸው ውስጥ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ጋን ያላቸውን። ወደ ጨው ሜዳውና ወደ ፍል ውሃው ፈረንጅ የሚወስዱ አስጎብኚዎች ይወዷቸዋል። ለዋስትና ጥገና ኃላፊነት ምህንድስና የተማሩ ሰዎች ተወዳድረው ነበር። ሥራ አስኪያጁ የማይነሳ ሞተር አቀረበልን። እኔ ኮቴን ሳላወልቅ አስነሳሁት። ቦታው የእኔ ሆነ።

እዚያም የራሴን ሕግ አወጣሁ። መጀመሪያ ላይ ከሌላ ነጋዴ የተገዛች መኪና ከፍተን አይተን ነበር። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ካምቢዮዋ ሲሰበር ባለቤቱ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ብሎ ድርጅቱን አስከፈለው። ያን ጊዜ በገዛ እጄ ጽሑፍ ሰሌዳ ጽፌ በሩ ላይ ሰቀልኩ፦ «ከእኛ ያልተገዛ መኪና አይከፈትም፣ አይነካም፣ አስተያየትም አይሰጥበትም።» የመጨረሻዋን ቃል ማንም አልነገረኝም፤ የራሴ ናት። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም በዚያች ሰሌዳ እኮራ ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ መጣ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ቢሮዬ ተቀምጬ ሳላያት ሰማኋት። እንደ ታመመ ሰው የሚያጉረመርም ድምፅ ነው፤ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ይብሳል፣ ወደ ግራ ስትታጠፍ ይቀንሳል። የፊት ግራ ጎማ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ። ከፋብሪካ ግራሶ ሳይጠግብ የወጣ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከወንበሬ ሳልነሳ ነው።

ስወጣ የኡመር መኪና ናት። ኡመር የሎጊያ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ነገሩን ሳይጨርስ የማይስቅ አስጎብኚ። መኪናዋን ከገዛ ገና መንፈቅ አልሞላውም። ቤቷን ተሸክማ ስለምትዞር አገሩ ሁሉ «ኤሊዋ» ይላታል። ለእንግዶች የምታበስለውና የጉዞውን ነገር ሁሉ የምትመራው እህቱ አሲያ በኋላው መስኮት ብቅ ብላለች።

«ጋሼ፣ ኤሊዋ እያጉረመረመች ነው። እስቲ እያት» አለኝ ኡመር። አፋር ሲያከብርህም «አንተ» ነው የሚልህ፤ ለእኔ ተስማምቶኛል።

«የዋስትና ደብተሯን አምጣ።»

ሰጠኝ። በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው፤ በግቢው ውስጥ ያንን ማንበብ የሚችል እኔ ብቻ ነኝ። የአምራቹ ዋስትና፣ አምራቹ ፈቃድ በሰጠው በማንኛውም የጥገና ማዕከል እንደሚጸና ይናገራል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ደብተሩን ዘጋሁ።

«ማህተሙ የጂቡቲ ነው።»

«አዎ፣ እዚያ ነው የገዛኋት።»

«እንግዲያው እዚያው ነው የምትታከመው።»

«ጋሼ፣ ግንባሯ ላይ ያለው ምልክትና በርህ ላይ ያለው ምልክት አንድ አይደለም እንዴ?»

«ምልክቱ አንድ ነው። ሻጩ ሌላ ነው።»

አሲያ ከመስኮቱ ሆና «በለው! ልጁ የተወለደው ሌላ ሆስፒታል ስለሆነ አባትየው አላውቀውም አለ!» ብላ ጮኸች። ሠራተኞቼ ሳቁ። እኔን ያደነደነኝ ያ ሳቅ ነው። በራሴ ግቢ፣ በራሴ ሰዎች ፊት ተሳቀብኝ።

«ይሁን፣ ዋስትናው ይቅር። በገንዘቤ ሥራልኝ» አለ ኡመር።

በጣቴ ሰሌዳውን አሳየሁት። «አይነካም ይላል። በገንዘብ ይነካል አይልም።»

ኡመር አልተቆጣም። እጄን ይዞ ወደ ጥላው ወሰደኝና ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። አፋር አገር ሁለት ሰው ሲገናኝ ዳጉ ይጠያየቃል፤ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላል። የተጠየቀ ሰው ያየውንና የሰማውን ሳይቀንስ፣ ሳይጨምር ይናገራል። የውሃው፣ የግጦሹ፣ የመንገዱ ነገር የሚታወቀው በዚህ ነው። በዳጉ የዋሸ ወይም የደበቀ ሰው፣ ሰው አይባልም።

«ጥገናውን ተወው» አለኝ። «አንተ ጆሮ ያለህ ሰው ነህ። ስገባ ሰምተሃታል። ዳጉ ልጠይቅህ፤ ምን ሰማህ?»

አስተያየት አይሰጥበትም። የራሴ ቃል ናት። ሠራተኞቼ እያዩን ነው።

«ሰላም ነው» አልኩት። «ምንም አልሰማሁም።»

ፊቱ ፈካ። «አልሐምዱሊላህ! አንተ ሰላም ካልክ ሰላም ነው። ነገ ጠዋት አዋሽ ላይ የምንቀበላቸው እንግዶች አሉን። አንተም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ አይደል? በእኛ ሂድ።»

አሁን ያኔ ያሰብኩትን ሳልሸሽግ ልጻፍ። እምቢ ብል «ለምን?» ይለኛል፤ እምቢታዬ ራሱ ዳጉ ይሆናል። ደግሞም አሰላሁ። እንዲህ ያለ ኩሽኔታ በዝግታ ከተነዳ አዋሽ ድረስ ይዘልቃል፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ስሌት ስቼ አላውቅም። አዋሽ ስንደርስ በገዛ ግቢዬ የድርጅት ሰው አይደለሁም። እሁድ ጠዋት ጎማውን አውርጄ እቀይርለታለሁ፤ «ጋሽ ታፈሰ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር» ይባላል። ሰሌዳዬም ትከበራለች፣ ስሜም ይከበራል።

ወደ ዕቃ ቤት ገባሁ። ለዚያች መኪና የሚሆን ኩሽኔታ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ በሰማያዊ ወረቀት እንደተጠቀለለ። በስሜ ፈርሜ አወጣሁትና ከረጢቴ ውስጥ፣ ከሸሚዜ ሥር ከተትኩት። ከዚያ ከኡመር ጎን ገብቼ ከረጢቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። ከፊት ያለው ወንበር ሁለት ብቻ ነው፤ አሲያ ከኋላ፣ ከምግቡ ጠረጴዛ ጋር በግራ በኩል ተቀመጠች።

ሎጊያን አለፍን። ድምፁ ያው ነው። ኡመር ስለ እንግዶቹ ያወራል፤ እኔ የማዳምጠው ጎማውን ነው።

ሚሌ ኬላው ላይ ስንቆም ወረድኩና በኩሽኔታው በኩል ያለውን ቸርኬ በእጄ መዳፍ ነካሁት። ሞቅ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። «እንዳሰላሁት ነው» አልኩ በልቤ።

አሲያ የግመል ወተት በጣሳ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ትኩሳቷን ትለካለህ እንዴ? አላውቃትም ያልክ መስሎኝ።»

«እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

«እግርህን በእጅህ ነው የምታፍታታው?»

ኡመር ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወተቱን ጠጣሁ።

ከሚሌ በኋላ መንገዱ ረጅም ነው። በግራም በቀኝም ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ ግራር፣ ከዚያ ደግሞ ጭው ያለ ሜዳ። ኡመር ሲፈጥን «ቀስ በል ልጄ፣ ወገቤን ያመኛል» እለዋለሁ። ወገቤን አሞኝ አያውቅም። አሲያ ከኋላ ሆና ወደፊት ስለሚያደርጉት ታወራለች። ሁለተኛ ኤሊ ይገዛሉ፤ እሷ ትነዳታለች። «ሴት አፋር መኪና ስትነዳ ፈረንጁ ፍል ውሃውን ትቶ እኔን ነው ፎቶ የሚያነሳው» ትላለች። ጣሊያንኛ እንግዶችን እየሰማች በጆሮዋ ብቻ ተምራለች። እንደ እኔ። ይህን ስትናገር ዞሬ አየኋት፤ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የጎማው ድምፅ ለጥቂት ጊዜ የረገበ መሰለኝና አፌን ዘጋሁት።

ገዋኔ የደረስነው ስምንት ሰዓት አካባቢ ነው። አየሉ ተራራ በሙቀቱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ወርጄ ቸርኬውን ስነካው መዳፌ ተቃጠለ። የተቃጠለ ግራሶ ሽታ አለ። ስሌቴ እንደተሳሳተ ያን ጊዜ አወቅሁ። እውነቱ ይኸው ነው፤ አወቅሁ።

«ትንሽ እንረፍ» አልኩ። «ፀሐዩ ይብረድ።»

«ለእኔ ፀሐይ ትነግረኛለህ ጋሼ? በዚህ ፀሐይ እኮ ነው የበቀልኩት» አለ ኡመር። ግን ሽማግሌ አይቃወምም። ሊሰግድ ሄደ። እኔ ጎማው አጠገብ ከረጢቴን ይዤ ቆምኩ። ክሪክ አለ፣ መዶሻ አለ፣ ኩሽኔታው በእጄ ነው። እዚያው ገዋኔ ላይ፣ በጎልማሳነቴ፣ የስንቱን ጭነት መኪና ኩሽኔታ በመዶሻና በእንጨት ቀይሬያለሁ! ከሰዓት ያነሰ ሥራ ነው። ግን ከረጢቱን ስከፍት ኡመር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ይህን ከሰመራ ይዘህ የወጣኸው ለምን ነው?

ሰግዶ ተመለሰ።

«ኡመር» አልኩት።

«አቤት ጋሼ።»

«ውሃ አለ?»

ውሃ ሰጠኝ። ጎማውን የሚያጥብ ሰው መስዬ ቸርኬው ላይ ደፋሁት፤ ችስ ብሎ ተነነ። አንድ ሰዓት ያህል አቆየኋቸው። ሲሳፈሩ ቢያንስ አንድ ነገር ላድርግ ብዬ አሲያን «አንቺ ከፊት ተቀመጪ፣ እኔ ከኋላ ልጋደም» አልኳት።

አሲያ እንደ ስድብ ቆጠረችው። «ሽማግሌ ከኋላ አስቀምጬ እኔ ከፊት? ሰው ምን ይለኛል! ግባ ጋሼ፣ ግባ።» በትከሻዬ ገፋ አድርጋ አስገባችኝ፤ በሩንም ራሷ ዘጋችልኝ።

ከገዋኔ ከወጣን ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ማጉረምረሙ ድንገት ቆመ። የማያውቅ ሰው ተሻላት ይላል። እኔ ግን «ፍሬን ያዝ!» ብዬ ጮህኩ። ኡመር ሊይዝ እግሩን ሲያነሳ ብረት ብረትን ሲበላ ተሰማ። የግራው ጎማ ተነቅሎ ከፊታችን ሲንከባለል አየሁት። ኤሊዋ በግራ ጎኗ ወደቀች፤ እንደገና ተገለበጠች፣ ሰማዩ ከእግሬ ሥር መጣ። ከዚያ ቆመች። የውሃው ጋን ተሰንጥቆ ውሃው ሲፈስ ብቻ ይሰማል።

እኔ የግንባር ጭረት ብቻ ነበረኝ። ኡመር ክንዱ ተሰብሯል። አሲያን ከምድጃውና ከጠረጴዛው መካከል አወጣናት። በሕይወት ነበረች። ወንድሟን በአፋርኛ «እንግዶቹ ምግብ በልተዋል?» አለችው። ሁለት ጊዜ ጠየቀችው። ተሳቢ መኪና አስቁመን ወደ ገዋኔ ጤና ጣቢያ ጫንናት፤ ኡመር አብሯት ሄደ። ሳይደርሱ አረፈች። ወሬው ወደ እኛ የተመለሰው በመንገደኛ አፍ ነው።

በዚያ ጊዜ ሜዳው ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም። አንድ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ከተበታተነው ዕቃ መካከል ሰማያዊ ወረቀት አነሱ። ከረጢቴ ተቀድዶ ነበር። ወረቀቱን ሲፈቱት ኩሽኔታው አዲስ እንደሆነ ፀሐዩ ላይ አበራ። አጠገባቸው የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር «ይሄ እኮ የዚያ ጎማ ነው!» አለ፤ የተነቀለውን እያሳየ።

ሽማግሌው ከፊቴ ቁጢጥ አሉ። «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» አሉኝ። አፋርኛ እችላለሁ፤ እሱንም ማንም አላስተማረኝም።

ነገርኳቸው። ከቢሮዬ ወንበር ጀምሬ፣ ደብተሩን፣ ሰሌዳውን፣ ሚሌን፣ ገዋኔን፤ ሁሉንም። አላቋረጡኝም።

ስጨርስ «ልጁ ዳጉ ጠይቆህ ነበር?» አሉ።

«ጠይቆኝ ነበር።»

«ምን መለስክ?»

«ሰላም።»

ተነሱ። ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አልነካኝም። ለግንባሬ መታጠቢያ ውሃ ይዛልኝ የቆመች ሴት ጣሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ኡመርን በማግስቱ ፖሊስ ያዘው። ሹፌር ነው፣ መኪናውን ሳይመረምር ሰው ጭኖ ነድቷል ተባለ። እህቱን በቀበረ በሰዓታት ውስጥ፣ ክንዱ በጄሶ እንደታሰረ ወሰዱት። እኔ ቃሌን ልሰጥ ስሄድ ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎ። ይስሙኝ፤ እርስዎ ተሳፋሪ ነበሩ። መኪናዋ የእኛ አይደለችም። አስተያየትም አልሰጡም። ሰሌዳው ላይ የጻፉትኮ ራስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ» አልኩት፤ ስልኩንም ዘጋሁ።

መርማሪው «አባባ፣ ይህን ሲናገሩ ራስዎ ላይ መፍረድዎ እንደሆነ ያውቃሉ?» አለኝ። «ጻፍ» አልኩት። ኡመር በሦስተኛው ቀን ተፈታ። በር ላይ ቆሜ ነበር። ሰላም ሳይለኝ አልፎኝ ሄደ። እኔ ክስ ቀረበብኝ፣ በኋላም በገደብ ተለቀቅሁ። ድርጅቱ አባረረኝ፤ ሥራው ሲበላሽበት ደግሞ መልሶ ለመነኝ፤ በራሴ ውል ተመለስኩ።

አንባቢዎቼ፣ ነጋዴውም ምክንያት አለው፤ አልክድም። ሌላው ሸጦ ያተረፈበትን መኪና እኔ በነፃ ለምን ልጠግን ይላል። አምራቹ የመለዋወጫውን ዋጋ ቶሎ አይተካለትም፤ ነካክቶ ሲሰጥ ነገ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም በዚህ እውነት ነው ሰሌዳዬን የጻፍኩት። ነገር ግን ዋስትናውን የሰጠው የማህተሙ ባለቤት አይደለም፤ መኪናዋን የሠራት ነው። ያንን ምልክት በሬ ላይ ከሰቀልኩ ክብሩን ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም ሰቅያለሁ። ሰመራ ያለ ሰው ለአንድ ኩሽኔታ ድንበር ተሻግሮ ይሂድ ማለት፣ በታመመው ጎማ ላይ ሆኖ ይሂድ ማለት ነው። ወንበሩ፣ መጋረጃው፣ ምድጃው ሲበላሽ ነጋዴዎች እስክትስማሙ ተከራከሩ። ጎማ፣ ፍሬንና መሪ ግን ክርክር አይጠብቁም። መጠገኑ እንኳ ቢቀር፣ የሰማኸውን መናገር ምን ያስከፍልህ ነበር? ይህን የምጠይቀው ራሴን ነው፤ እናንተም ግን በየሥራችሁ አንዲት ሰሌዳ ሳትኖራችሁ አትቀርም።

ደካማ ሰው ከዚህ በኋላ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። እኔ ታፈሰ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያደረግኩትን ልዘርዝርላችሁ።

ሰሌዳዬን በገዛ እጄ ነቅያለሁ።

የፈረንሳይኛውን የዋስትና ደብተር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ አማርኛ መልሼ ማዕከሉ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። የትርጉም ቢሮ እንደዚያ አያሳምረውም።

አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ድረስ ሄጄ፣ ክራቫት ካሰሩ ሰዎች ጋር ተከራክሬ ረትቻለሁ። ዛሬ በእኛ ማዕከል ጎማ፣ ፍሬንና መሪ፣ ማንም ይሽጠው ማን፣ የደብተሩ ጊዜ እስካላለፈ ድረስ በዋስትና ይሠራል።

በሎጊያ፣ በሚሌና በሰርዶ ላሉ ጎማ ጠጋኞች የታመመ ኩሽኔታን በጆሮ መለየት አስተምሬያለሁ። ከመካከላቸው ሁለቱ ለእኔ ጆሮ ተጠግተዋል፤ አልደረሱም።

በአፋር ወግ፣ ልጆቼንና ወንድሜን አስከትዬ በአሲያ ጎሳ ፊት ተቀምጬ የተፈረደብኝን ካሳ ሳልከራከር ከፍያለሁ።

ኤሊዋን ከሜዳው አንስቼ፣ በራሴ ጊዜ፣ ብሎን በብሎን ሠርቻታለሁ። ኡመር አልነዳትም፤ ሸጣት። መንገድ ላይ ሳገኛት ጎማዋ ድምፅ የለውም።

የአሲያ እናት ደጃፍ ሄጄ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ከመጀመሪያው ድምፅ ጀምሬ ልጃቸው በሩን እስከዘጋችልኝና ከዚያም በኋላ እስከሆነው ድረስ፣ በቋንቋቸው፣ ሳልቀንስ ነግሬያቸዋለሁ። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያም «ሌላስ?» አሉኝ።

ሌላ አልነበረኝም።